የአንድ ለውዝ ዝምታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኬክ ቆረሱልኝ። ቢሮው ውስጥ ካሉት ልጆች ግማሾቹን በስም አላውቃቸውም፤ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረው ይውላሉ፣ አጠገባቸው ላለ ሰው እንኳ ሰላምታ የሚልኩት በኢሜይል ነው። አንዷ ክሬሙን ከጣቷ እየላሰች፣ «እትዬ አስካለ፣ በጠቅላላው ስንት ተማሪ አስተማሩ?» አለችኝ። ወሬ ለመጀመር ያህል ነው፣ ክፋት የለባትም። እኔ ግን ኬኩን ወደ ጠረጴዛው መለስኩት።

«የማውቀው ተማሪ የለኝም» አልኳት።

የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ኧረ አልቀለድኩም! ድምፄን የሰማው ሰው ብዙ ነው ይባላል፤ ከስደተኛ ካምፕ እስከ ጠረፍ፣ ናይሮቢ ውስጥም ከኢስትሊ ጓዳ እስከ ላቪንግተን ሳሎን። እነሱ እኔን ሰሙ እንጂ እኔ እነሱን አልሰማሁም። ሰው ሥራውን ሲጨርስ የሚቆጥረው ነገር ይፈልጋል፤ እኔ የምቆጥረው ፊት የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ካሳራኒ ሰፈር ባለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ነገሩን ሳመላልሰው ከረምኩ። ከቲካ መንገድ ገባ ያለ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ አንድ ክፍልና ጠባብ ኩሽና። ጎረቤቶቼ ጠዋት በማታቱ፣ በኬንያ ሚኒባስ ታክሲ፣ ወደ ከተማ ይወርዳሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ፤ በመሀሉ ሕንጻው ጭር ይላል። ያን ጊዜ ሬዲዮ እከፍታለሁ። የማዳምጠው ተናጋሪዋ ምን እንዳለች አይደለም፣ የት ቦታ ላይ ዝም እንዳለች ነው። የሙያ በሽታ ነው፣ አይለቅም።

ናይሮቢ የመጣሁት በባሌ ሥራ ምክንያት ነው። አገር ቤት ሳለሁ ደሴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ አስካለ ክፍል ከገባች ዝንብ አይበርም የሚባልልኝ። ባሌ በድንገት ሲሞትብኝ ዘመድ ሁሉ «በይ ተመለሺ» አለ። አልተመለስኩም። እልኸኛ ነኝ፤ «ባሏ ሞተባትና ተመለሰች» መባሉን ጠላሁት። ናይሮቢ ሌላ ምን እንደያዘኝ ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

የመጀመሪያ ሥራዬ እርማት ነበር። ላቪንግተን ትልቅ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ የርቀት ትምህርት ድርጅት ተማሪዎቹን በፖስታ ያስተምራል። የተማሪው ወረቀት ከስደተኛ ካምፑ፣ ከየጠረፉ፣ በጆንያ ታስሮ ይመጣል፤ ከጆንያው ሲወጣ አቧራው እጅ ላይ ይቀራል። እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልሳለሁ። አንዱ «መምህር፣ ይህ ነገር አልገባኝም» ብሎ ይጽፋል። እኔ ሞኝ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ አብራርቼ እልካለሁ። መልሱ እስኪደርስ ልጁ ካምፕ ቀይሯል፣ ወይ ትምህርቱን ትቶታል፣ ወይ በራሱ ገብቶት አልፎታል። ፖስታው «ባለቤቱ አልተገኘም» ተብሎ ሲመለስ ጓደኛ የሞተብኝ ያህል ይከፋኝ ነበር። ደሞዙም የሚወራለት አልነበረም፤ የሥራ ፈቃዱ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው፣ እሱን ልተወው።

በኋላ የሬዲዮ ትምህርት መጣ። ድርጅቱ የመኪና ጋራዡን ግድግዳ በፍራሽ አልብሶ ስቱዲዮ አደረገው። ምዜ ኦዱርን ያገኘሁት እዚያ ነው። ኬንያዎች በዕድሜ የገፋን ሰው ሲያከብሩ «ምዜ» ይሉታል። ምዜ ኦዱር ረጅም፣ ከሲታ፣ በሙቀትም ቢሆን ኮቱን የማያወልቅ የኪሱሙ ከተማ ሰው ነው። በርቀት ትምህርት ውስጥ ያልሠራው ነገር የለም፤ ወረቀት አርሟል፣ መጽሐፍ አዘጋጅቷል፣ አሁን ደግሞ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ቀረጻ ይመራል። እኔን «ምዋሊሙ» ይለኛል፣ መምህር ማለቱ ነው። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ትንሽ ሽሙጥ የተቀላቀለበት ይመስለኝ ነበር።

ላላየው ሰው ነገሩን ላስረዳ። በሬዲዮ የምታስተምር ሴት «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቅና ዝም ትላለች። በዚያች ዝምታ ውስጥ የትም ያለ ተማሪ ድምፁን አውጥቶ ይመልሳል፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ዝምታው ካጠረ ልጁ መልሱን ይውጠዋል። ከረዘመ ደግሞ ባትሪው ያለቀ መስሎት ሬዲዮውን በቡጢ ይነርተዋል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለው እዚያች ዝምታ ላይ ነው።

ምዜ ኦዱር ዝምታውን የሚለካው በለውዝ ነበር። የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ የተቆላ ለውዝ አያጣም። እኔ ጠይቄ ዝም ስል አንዷን ያወጣል፣ ይፈለፍላል፣ ቀዩን ልጣጭ በጣቶቹ አሽቶ እፍ ይለዋል፣ ቀስ ብሎ ያኝካል፣ ይውጣል። ከዋጠ በኋላ ነው እጁን የሚያነሳው፤ ቀጥዪ ማለቱ ነው። ቀላል ጥያቄ አንድ ለውዝ። ሂሳብ ያለበት ሁለት።

«ለምን ሰዓት አትይዝም? የሠለጠነ ሰው አይደለህም እንዴ?» አልኩት አንዴ፣ ለነገር ፈልጌው።

«ሰዓት ልጅ ሆኖ አያውቅም፣ ምዋሊሙ» አለኝ።

አዲስ ትምህርት ከመቅረጻችን በፊት ወደ በሩ ሄዶ ጥያቄውን ለግቢው ዘበኛ ያቀርብለታል፤ ዘበኛው ሲያስብ እሱ ያኝካል። ዘበኛው መልሶ ሳይጨርስ ለውዙ ካለቀ «ይህ የሁለት ነው» ይልና ይመለሳል። ፈረንጅ አማካሪ መጥቶ ብዙ ሠንጠረዥ ያለበት ወረቀት ሲያሳየው፣ በአክብሮት ተቀብሎ ለውዝ ጠቀለለበት።

ሌላም አመል ነበረው። አንድ ቀን ጠይቄ፣ ጠብቄ፣ «ጎበዝ!» አልኩ፤ ክፍል ውስጥ የለመድኩት ነው። ቀረጻውን አስቆመው።

«ማነው ጎበዙ?»

«ልጁ ነዋ!»

«ምን ብሎ መለሰ?»

«እኔ በምን አውቄ!»

«እንግዲያው ያልሰማሽውን አታመስግኚ። ትክክለኛውን መልስ ንገሪውና ራሱ ያመሳክር። ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል። ምናልባት ዝም ብሎ ይሆናል። ምናልባትም ውሃ ሊቀዳ ሄዷል።»

ተናድጄ ሰነበትኩ። ደግሞ እኮ እውነቱን ነው።

ፍራሽ በለበሰ ክፍል ተቀምጦ «ልጆች፣ ደኅና አደራችሁ?» ብሎ ጠይቆ መጠበቅ መጀመሪያ ሰሞን ያስቃል። እየቆየ ቤት ድረስ ይከተላል። ካሳራኒ ገብቼ በሬን ስከፍት «ደኅና አመሻችሁ?» ብዬ ደፍ ላይ ቆሜ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ማንን እንደምጠብቅ እንጃ።

ከዚያ ሰለሞን ኃላፊ ሆኖ መጣ። ወጣት ነው፣ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ጭንቅላቱ ስለት ነው፣ ሲሄድም ይሮጣል። አዲስ ሥራ ይዞ መጣ፤ ናይሮቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የእንግሊዝኛ ትምህርት በካሴት። ነገሩ ደግሞ ያስፈልግ ነበር። በዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩት ልጆች እናት አባታቸውን ከአገር ቤት ያመጣሉ። የልጅ ልጆቹ እዚሁ ተወልደው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ያድጋሉ። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ አይነጋገሩም። እኔ በአማርኛ እያስረዳሁ እንግሊዝኛውን እንዳስተምር ተወሰነ፤ አድማጮቹም ኢስትሊ ወይዘሮ ብርቄ ምግብ ቤት፣ ከምሳ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ እየተሰበሰቡ እንዲማሩ።

ገና ካሴቶቹ ሳይበተኑ አንድ ቀን ዘበኛው «ምዋሊሙ፣ እንግዳ አለሽ» አለኝ። ወጣሁ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ፣ ከዘራቸውን የተመረኮዙ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። አቶ ጥላሁን እባላለሁ አሉኝ። በዚያው በላቪንግተን ልጃቸው ዳንኤል ቤት ነው የሚኖሩት፣ በእግራቸው ነው የመጡት። ከተማሪዎቼ ሁሉ እኔን ብሎ ቢሮ ድረስ የመጣ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ልጄ፣ ናኦሚ የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ» አሉኝ። «ሰባት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ንግግሬ ሁሉ በአባቷ በኩል ነው የሚያልፈው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኬላ ላይ ቀረጥ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዕቃ ሲያልፍ እንደሚጎድል አውቃለሁ። ረጅም ነገር ነግሬው እሱ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል።»

«ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይለምዳል፣ አማርኛ ለምን አያስተምሯትም?» አልኩ።

«ጊዜ የላቸውም። ልጄ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይሄዳሉ፣ እኔም ወደ አገሬ እገባለሁ። ከዚያ በፊት ከናኦሚ ጋር አንድ ጊዜ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ቁጭ ብዬ ማውራት ነው የምፈልገው። ይቻላል ልጄ?»

«ይቻላል አባባ» አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት።

ቀረጻው ሲያልቅ ሰለሞን ካሴቱን አዳመጠ። «እትዬ አስካለ፣ ባዶ ክር ነው እንዴ አባዝተን የምንልከው?» አለኝ። «በካሴቱ አንድ ወገን ያለን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህ እኮ ሬዲዮ አይደለም፤ ጊዜ የፈለገ ሰው ማቆሚያውን ተጭኖ ያስብ! ዝምታውን እንቁረጠው። ደግሞ ትንሽ ማበረታቻ ያስፈልገዋል፤ 'በጣም ጥሩ' ይበሉበት።»

ነገሩን ሳየው ስህተት አላገኘሁበትም። ማቆሚያ አለዋ! ምዜ ኦዱር የተቆረጠውን አዳመጠ፣ በእጁ የነበረችውን ለውዝ ወደ ኪሱ መለሳት። ጡረታው ደርሶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኪሱሙ ገባ። ስሸኘው «ፖሌ ፖሌ፣ ምዋሊሙ» አለኝ፤ ቀስ በይ ማለቱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን የኛን ተረት በእንግሊዝኛ ልነግረው ሞክሬ አቃተኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ።

ካሴቶቹ ከተበተኑ ከጥቂት ወራት በኋላ እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ኢስትሊ ሄድኩ። ጭቃው፣ ጡሩምባው፣ የማታቱ ረዳቶች ጩኸት፤ ኢስትሊን የሚያውቅ ያውቀዋል። ወይዘሮ ብርቄ ደጅ ላይ ተቀበለችኝ።

«ውይ እትዬ አስካለ፣ እንኳን መጡ! ካሴቱማ ደስ ሲል! አንድ ቀን እንኳ አይቀሩም እኮ።»

«እኔን ሲያዩ እንዳይጨናነቁ ጓዳ ደብቂኝ» አልኳት። ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ በርጩማ ሰጠችኝ። በመጋረጃው ክፍተት አያለሁ። ሰዎቹ በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች፣ አባባ ጥላሁን ከሁሉ ፊት። ብርቄ ቴፑን አስነሳችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ተማሪዎቼ» አለ ድምፄ።

ሁሉም ብድግ አሉ። ለቴፕ! እጅ ነሱና ተቀመጡ። ሳቄ መጥቶ አፌን ያዝኩ።

ድምፄ ቀጠለ፤ «አሁን 'እኔ አያት ነኝ' ብላችሁ በእንግሊዝኛ ተናገሩ።»

ሁሉም ወደ አባባ ጥላሁን ዞሩ። በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው፣ ሽማግሌ ሳይናገር ማን ይናገራል? አባባ ጥላሁን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «አይ... አም...» ብለው ጀመሩ።

«በጣም ጥሩ! አሁን ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለ ድምፄ።

አፋቸውን ዘጉ። ሌሎቹም ትልቁ ሳይመልስ እኛ ብንመልስ ነውር ነው ብለው አቀረቀሩ። ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። ዞሩ፣ አባባ ጥላሁን ተሰናዱ፣ «በጣም ጥሩ!» እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሄደ። ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። ትምህርቱ ሲያልቅ እንደገና ተነስተው «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው አፍ አንድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አልወጣም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በሰው አፍ ላይ ስናገር መኖሬን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «ለምንድን ነው የማታቆሙት? ማቆሚያ አለው እኮ! ይቺን መጫን ነው፣ ቀጭ!»

እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ብርቄ፣ «ኧረ እትዬ አስካለ» አለች፣ «እርስዎ እየተናገሩ? መምህር ነገር ሳይጨርስ አፉን ልንዘጋው?»

«እኔማ አንድ ቀን ጣቴን ሰድጄ ነበር» አሉ አንዲት እናት፣ «አፍሬ መለስኩት።»

አባባ ጥላሁን ከወንበራቸው ተነሱ። «አትቆጪያቸው ልጄ። እኔ እየዘገየሁባቸው ነው። አንቺ ደግሞ 'በጣም ጥሩ' ስትዪኝ ያልመለስኩትን ነው የምታመሰግኚኝ። አፈርኩ» አሉ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እኔ እኮ እዚያው ባህል ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሰለሞንም እንደዚያው። ፈረንጅ ቢሳሳት ምን ይገርማል? ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ የመምህርን አፍ በጣቱ እንደማይዘጋ ለእኛ ማን ይንገረን? ማታቱ ውስጥ ቆሜ እስከ ካሳራኒ ድረስ ራሴንም ሰለሞንንም ስሳደብ ሄድኩ፤ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ኪሱሙ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ለምዜ ኦዱር ነገርኩት። አልሳቀብኝም፣ አልወቀሰኝም። «ንገሪኝ እስቲ፣ በናንተ አገር መምህር ክፍል ውስጥ ስትኖር ተማሪው ምን ያደርጋል?»

«ዝም ይላል።»

«ስትወጣስ?»

ማሰብ ጀመርኩ። ስልኩም ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» ልል ስል የማኘክ ድምፅ ሰማሁ።

በማግስቱ ሰለሞንን ይዤ ተቀመጥኩ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሁሉን ነገር ሰምቶ ፊቱ ከሰል መሰለና «ይሠራ» አለ። አዲስ ቀረጽን። አሁን ድምፄ ጥያቄውን ይጠይቅና «እስክመለስ ድረስ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ፤ እኔ ወጣ ብዬ ልምጣ» ይላል። ከዚያ ወንበር ይሳባል፣ የጫማ ኮቴ ይሄዳል፣ በር ይዘጋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ቀናት ፈጅቶብናል። የስቱዲዮው በር ፍራሽ ስለለበሰ ድምፅ የለውም፤ የዕቃ ቤቱን የእንጨት በር ሞከርን። በጣም ሲጮህ የተቆጣሁ እመስላለሁ፣ ሲለሰልስ ነፋስ የዘጋው ይመስላል። ሰው በሰላም ወጥቶ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ መሆን አለበት። ከበሩ መዘጋት በኋላ ደግሞ ክሩ ያለቀ እንዳይመስላቸው ማይክሮፎኑን ክፍት ትተን የግቢውን ወፍ፣ የሩቁን መኪና አስገባን። እኔ ከበሩ ውጭ ግቢው ውስጥ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከመንገድ ለውዝ ገዝቼ ነበር። ለሽማግሌ የአንድ ለውዝ ዝምታ አይበቃም፤ ሦስት አደረግኩት፣ ቀስ ብዬ።

ካሴቱን ይዤ ኢስትሊ ተመልሼ መጋረጃዬ ጀርባ ገባሁ። ድምፄ ጠየቀ፣ ወጣ፣ በሩ ተዘጋ። ሁሉም ቴፑን አዩ። ከዚያ ብርቄ ወደ ቴፑ ተጠግታ በሹክሹክታ «ሄደች?» አለች። ምግብ ቤቱ በአንዴ ተንጫጫ! «ዩ ስፒክ!» «ኖ፣ ዩ ስፒክ!» አንዷ እናት የሌላዋን ጉልበት በጥፊ እየመታች ትስቃለች። እኔም ጓዳ ውስጥ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ።

ዓይኔን ጠርጌ አባባ ጥላሁንን ፈለግኩ። የፊተኛው ወንበር ባዶ ነው።

«አልሰሙም እንዴ?» አለችኝ ብርቄ በኋላ። «ከዚያ ቀን ወዲህ መጥተው አያውቁም። የልጃቸው ጉዞም ተቻኩሏል፣ ነገ ጠዋት ነው አሉ።»

ከዚያ በኋላ የመጣው የሲዲና የኮምፒውተር ዘመን ነው። ካሴቱ መጋዘን ገባ፣ ሰለሞን ወደ ሌላ ድርጅት ሄደ፣ ምዜ ኦዱር ኪሱሙ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ተገኝቻለሁ። አሁን ተማሪው ፊቱን በስክሪን ያሳያል ይላሉ። ያን ሁሉ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ላቪንግተን የሆነውን ግን አላሳጥረውም።

ብርቄ ይህን በነገረችኝ ማግስት ማልጄ አዲሱን ካሴት በቦርሳዬ ይዤ ዳንኤል ቤት ደረስኩ። ለምን እንደያዝኩት እግዜር ይወቅ፤ ምን ሊሠራላቸው! በሩ ክፍት ነው፣ መኪናው ሞተሩ ተነስቷል፣ ሻንጣ እየተጫነ ነው። የሽማግሌው በረራ ለማታ ነበርና ደጁ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔን ሲያዩ ጎንበስ አሉ።

«መጣሽ ልጄ? አልሆነልኝም እኮ» አሉ።

ናኦሚ ከመኪናው ወረደች። ጀርባዋ ላይ ቦርሳ ያዘለች፣ ፀጉሯን የተሠራች፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ናት። አያቷ ፊት ቆመችና በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው፤ «ባቡ፣ ለምንድን ነው አናግረኸኝ የማታውቀው?» ባቡ በስዋሂሊ አያት ማለት ነው።

ዳንኤል በጥድፊያ ጣልቃ ገባ። «አባዬ፣ ደኅና ሁን እያለችህ ነው።»

«አላለችም!» ብዬ ጮህኩ። የግቢያቸው ዘበኛ ሳይቀር ዞረ። «እንዲህ አላለችም! አንተ ዝም በል!»

ዳንኤል ደነገጠ። «እትዬ፣ አውሮፕላኑ...»

«አውሮፕላኑ ገደል ይግባ!»

አባባ ጥላሁን እጃቸውን አነሱ። «ተይው ልጄ። ያለችው ገብቶኛል።»

ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ዳንኤል አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት፤ እስኪያመው ድረስ ሳልይዘው አልቀረሁም። ልጅቷ ወደ አባቷ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠች።

«አይ አም ስሎው» አሉ አባባ ጥላሁን። ቀርፋፋ ነኝ። «ኤቭሪ ዴይ... አይ ስታንድ... ዊንዶው። ዩ ካም ፍሮም ስኩል። አይ ሴይ ናኦሚ፣ ናኦሚ። ስሞል ቮይስ። ዩ ኖት ሂር።»

በየቀኑ መስኮት ላይ ቆመው ከትምህርት ቤት ስትመጣ በቀስታ ስሟን ሲጠሩ ኖረዋል። እሷም አልሰማችም፣ አባቷም አልሰማም።

ናኦሚ ሄዳ ወገባቸውን አቀፈችና ፊቷን ኮታቸው ውስጥ ቀበረች። ዳንኤል ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ጥቂት ቆይቶ እጇን ይዞ አስገባት፣ መኪናው ወጣ፣ ዘበኛው በሩን ዘጋ።

«ሰማችኝ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ሰምታዎታለች አባባ። እኔም ሰምቻለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ባዶው ቤት ገቡ። እኔም እያለቀስኩ ወደ ማታቱ ፌርማታው ወረድኩ። የጡረታዬ ዕለት ኬክ እየበላች ለጠየቀችኝ ልጅ ይህን ብነግራት ኖሮ ደስ ባለኝ። በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ ጠይቄ ስንት ጊዜ ዝም እንዳልኩ ቁጥር የለውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ ያዳመጥኩት መልስ ግን ያ አንዱ ብቻ ነው፤ ጥያቄውንም የጠየቅኩት እኔ አልነበርኩም።